የዳቦው ምስክርነት

«እኔ ቂም አልይዝም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ በመገረም አየዋለሁ። እኔ እይዛለሁ። ይዤም አልጥለውም፤ እንደ ልጅ እንከባከበዋለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ልክ ናቸው፤ እኔም ስለዚህ ጉዳይ ፈጣሪን አላስቸገርኩም። ያቺ አስተማሪ የእህቴን ልጅ በክፍሉ ተማሪ ሁሉ ፊት ካዋረደቻት በኋላ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እነዚያው ልጆች ፊት እንድትዋረድ። አገኘሁትም። እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁ።

ልጅቷን ሚጡ እንላታለን። እናቷ፣ ታናሽ እህቴ፣ ሚጡ ጡት ሳትጥል ነው ያረፈችው። ከዚያ ወዲህ እናትም አክስትም እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ የምንኖረው ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። በፊት ለፊት የስፌት መኪናዬ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዬና የተንጠለጠሉ ቀሚሶች አሉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋችንና ምድጃችን። በቤታችን አንድ ሕግ አለ። የሰው ነጭ ጨርቅ ያለበት ቤት ስለሆነ፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ታጥቦ ደግሞ በልብስ አይጠረግም። አራግፎ በአየር ማድረቅ ነው። ሚጡ ይህን ሕግ የተማረችው ገና ስትውተረተር ነው። እጇን ቀሚሷ ላይ ስትጠርግ ካየኋት ወዮላት።

አራተኛ ክፍል ስትገባ አዲስ የሳይንስ አስተማሪ መጣችላቸው። ወጣት ናት፤ ሐቁን ልናገርና መጀመሪያ ወድጃት ነበር። እንደኛ ጊዜ «ገልብጡ፣ ሸምድዱ» አትልም። አራት አራት አድርጋ ታስቀምጣቸውና ዕቃውን በእጃቸው ትሰጣቸዋለች። ባትሪና አምፖል ሰጥታ «አብሩት» ትላለች። ማግኔት ሰጥታ «ምን ምን ይስባል?» ትላለች። በቃ፣ ሚጡ አበደች! ሱቄን ላቦራቶሪ አደረገችው። የወደቁ መርፌዎቼን በማግኔት ለቅማ «አክስቴ፣ ሁሉም መጡ!» ትለኛለች። የደንበኛ ቁልፍ በጣሳ ውሃ ውስጥ እየጣለች የሚሰምጠውንና የሚንሳፈፈውን ትለያለች። «ልጄ፣ እሱ እኮ የሰው ካፖርት ቁልፍ ነው» ብል ማን ሰምቶኝ። እጇ አርፎ አያውቅም፤ ካልነካች አታምንም። እኔም በልቤ ይቺ ልጅ ትልቅ ሰው ትሆናለች እል ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከሷ አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረገች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሁለት እጇን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ደብቃ ገባች። ማዕድ ቀርቦ «ነይ እንብላ» ስላት፣

«ለብቻዬ አድርጊልኝ» አለች።

«ደግሞ ምን መጣ?»

«አብረሽኝ አትብዪ። እጄ ያሻግታል።»

ጎትቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳትና ትንሽ በትንሽ አወጣጣኋት። ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ንጽህና ሲማሩ፣ አስተማሪዋ ግማሹን ክፍል ቧንቧው ጋ ልካ በሳሙና አስታጠበች፤ ግማሹን ሳይታጠብ ተወችው። ከዚያ እያንዳንዳቸው መዳፋቸውን ቁራሽ ዳቦ ላይ ጫን አድርገው፣ ዳቦውን በላስቲክ ከረጢት አሽገው፣ ስማቸውን ጽፈው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ያልታጠበ እጅ የነካው ዳቦ ቀድሞ ይሻግታል፤ ልጆቹም በዓይናቸው አይተው ይማራሉ። ጥሩ ትምህርት ነው፣ አልክድም። ሚጡ ከታጠቡት መካከል ነበረች። ቀን አልፎ ቀን ሲተካ ግን ከሁሉ ቀድሞ አረንጓዴ ያወጣው፣ ከሁሉ በላይ የጠቆረው የማን ዳቦ ሆነ መሰላችሁ? የሚጡ!

አስተማሪዋም ከረጢቱን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «እዩ ልጆች፣ ታጥቤአለሁ ብላ ያልታጠበች እጅ ይህን ትመስላለች» አለች። ሚጡ «ታጥቤአለሁ» ብትል፣ «ዳቦ አይዋሽም» አለቻት። ከኋላ አንዱ «ሻጋታ!» አለ። በቃ። በማግስቱ ስሟ ሻጋታ ሆነ።

ስም ብቻ ቢሆን እንኳ ጥርሴን ነክሼ በቻልኩት። ልጆቹ በጨዋታ እጇን አንይዝም አሉ። ይባስ ብሎ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አብረዋት የሚቀመጡት ሦስቱ፣ የነካችውን ዕቃ አንነካም አሉ። አስተማሪዋ ምን አደረገች? ልጆቹን በመገሠጽ ፈንታ ሚጡን «አንቺ ለጊዜው እያየሽ ጻፊ» አለቻት። ካልነካች የማታምነውን ልጅ! እነሱ ሽቦ ሲቀጥሉና ሲፈቱ፣ እሷ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማ ማየት ሆነ ሥራዋ። ቤትም ስትመጣ ማግኔቱን አላነሳችም። መርፌዬ ወለል ላይ ተበትኖ እያየች አለፈችው። ያኔ ደሜ ፈላ።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አስተማሪዋን ከመምህራን ክፍል ደጃፍ አገኘኋት። ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ፤ ከዚህ ሁሉ በፊት ለወላጆች ቀን የምትለብሰውን ነጭ ጋውን እንድሰፋላት ጨርቅ ሰጥታኝ ነበር።

«ደረሰልኝ እንዴ?» አለችኝ።

«ጋውኑን ተዪው። ልጄን ውሸታም ያደረግሻት አንቺ ነሽ?»

ፈገግታዋ ጠፋ። «እሜቴ፣ ሙከራው ያሳየውን ነው የተናገርኩት። ስሙን ያወጡት ልጆቹ ናቸው፤ ልጅ ደግሞ ቶሎ ይረሳል።»

«ታጥባ ነበር!»

«ባምናት ደስ ይለኝ ነበር። ግን ዳቦ አይዋሽም። ምናልባት... ቅር አይበልዎትና፣ ቤት ውስጥ ስለ ሳሙና ትንሽ ቢያስለምዷት...»

ቤት ውስጥ! እኔን! የሰው ሙሽራ ነጭ ቀሚሷን አምና የምትሰጠኝን ሴትዮ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ይህቺን ወለምታ በበርሜል ቅቤም አላሽላትም አልኩ በሆዴ።

«እሺ፣ ቢያንስ ያንን ከረጢት ከግድግዳው አውርጂው» አልኳት።

«እስከ ወላጆች ቀን ይቆያል። ወላጆችም እንዲማሩበት ነው» አለችና ደወል ሲደወል ወደ ክፍሏ ገባች።

ማለት፣ የሰፈሩ ወላጅ ሁሉ፣ ደንበኞቼ ሁሉ፣ የልጄን ስም ከሻጋታ ጋር ተሰቅሎ ሊያዩት ነው። ወደ ቤት ስመለስ የመንገዱን ሰው አላየሁም።

ጋውኑ ተቆርጦ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። አየሁት፤ እሱም አየኝ። እሰይ! እጄ ላይ ወደቀችልኝ አልኩ። በመኪና መስፋቱን ትቼ የጀርባውንና የብብቱን ስፌት በእጅ መርፌ፣ በበሰበሰ ክር፣ በትልልቁ ወጋ ወጋ አደርግ ጀመር። ለዓይን ስፌት ይመስላል። በወላጆች ፊት ሰሌዳው ላይ ልትጽፍ እጇን ከፍ ስታደርግ ግን ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተርትሮ ይሰማል። ድምፁ በጆሮዬ እየመጣ ለብቻዬ ሳቅኩ። ከብዙ ቀን በኋላ ያን ቀን ነው የሳቅኩት።

ሚጡ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብላ አየችኝ። «አክስቴ፣ ለምንድን ነው እንዲህ በትልልቁ የምትሰፊው?»

ነገርኳት። ልጅ ነች ደብቄያት ምን ይሠራልኛል? ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ይስቁባታላ!»

«ይስቁባታል። እኔ ግን ሻጋታ እንደሆንኩ እቀራለሁ። ደግሞ ‹ማን ነው የሰፋው?› ይላሉ። የሻጋታ አክስት ናት፣ ስፌት አትችልም ይሉሻል።»

ዓይኔን ከጋውኑ ላይ አላነሳሁም። የአሥር ዓመት ልጅ ቂም እንዴት እንደሚያዝ እያስተማረችኝ ነው።

«እኔ የምፈልገው» አለች ቀስ ብላ፣ «እሷ ራሷ በአፏ ታጥባ ነበር እንድትል ነው።»

«ይሁና! ግን እንዴት አድርገሽ?»

«ቲቸር ያስተማረችን ነገር አለ። ሙከራ ስትሠሩ አንዱን ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን ትለናለች። እኔ እያሰብኩ ነበር። ሳሙናው አንድ ነው። ዳቦው አንድ ነው። ከረጢቱም አንድ ነው። እኔና ሌሎቹ የታጠቡት ምናችን ይለያያል?» እጇን ከእጅጌዋ አወጣችና አየችው። «እነሱ ታጥበው ሲመለሱ በዩኒፎርማቸው ጠረጉ። እኔ...»

ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ገባኝ፤ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እኔ አልጠረግኩም» አለች። «አራገፍኩት እንጂ። ቲቸር ቶሎ በሉ ስትል፣ እንደረጠበ ነው ዳቦው ላይ ያደረግኩት።»

አቤት! እንግዲህ ጥፋተኛዋ እኔ ልሆን ነው? እኔ ለንጽህና ብዬ ያወጣሁት ሕግ ነው ልጄን ሻጋታ ያሰኛት? መጀመሪያ አፈርኩ፤ እውነቱን ነው። ቀጥሎ ግን ከበፊቱ የባሰ ተናደድኩ። ከክፍሉ ሁሉ በላይ በሥርዓት ያደገችውን ልጅ ነው ቆሻሻ ያለችብኝ! አንድ ጥያቄ ብትጠይቃት ምን ነበረበት? «ታጥበሽ ምን አደረግሽ?» ብትል አፏ አይቆስል!

በዚያው ቀን ሥራ ጀመርን። ከአንድ ዳቦ ሦስት እኩል ቁራሽ በልብስ መለኪያ ሜትሬ ለክተን ቆረጥን። ሚጡ ሁለቱንም እጇን በአንድ ሳሙና ታጠበች፤ ቀኟን በንጹህ ፎጣ አደረቀች፣ ግራዋን እንደረጠበ ተወችው። ቀኙ አንዱን ቁራሽ፣ ግራው ሌላውን ነካ። ለሦስተኛው የቆሸሸ እጅ ስንፈልግ ከጎረቤታችን ከመካኒኩ የተሻለ ከየት ይገኛል? ጋራዡ ሄደን ጠራነው።

«እጅህን ለሳይንስ አበድረን» አልኩት።

ከመኪና ሥር ወጥቶ ጥቁር መዳፉን አየ። «ልታጠብ?»

«እንዳትሞክራት!» አለችው ሚጡ። ሲስቅ ጋራዡ ተናወጠ። መዳፉ ዳቦው ላይ የጎማ ዱካ የመሰለ ነገር ጣለ።

ሦስቱን በእኩል ከረጢት አሽገን አንድ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥናቸው። ሚጡ የማን እንደሆኑ በየጀርባቸው ጻፈች። በየጠዋቱ ከአልጋዋ ዘላ ሄዳ ታያቸዋለች። አንድ ጠዋት ጩኸቷ ቀሰቀሰኝ። የግራ እጇ ዳቦ አረንጓዴ አውጥቷል! የቀኙ ደህና ነው። የመካኒኩ ግሪስ ተቀብቶ ጠቆር ብሏል እንጂ ሻጋታ አልጀመረውም። እኔ እልል ልል ስል አፌን ያዘችኝ።

«አንዴ በቂ አይደለም። በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል።»

እንደገና ሠራችው። እንደገናም ሠራችው። ለቁርስ የሚሆን ዳቦ ቤቴ ጠፋ፤ መካኒኩም መጥሪያ ሳይደርሰው እጁን ዘርግቶ መምጣት ለመደ። ሁልጊዜም ቀድሞ የሚሻግተው ያልደረቀው ነበር። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። ልጄ እንደገና ዕቃ መንካት ጀመረች።

ጋውኑንስ? ያንን የበሰበሰ ክር ተረተርኩት። ይቅር ብያት እንዳይመስላችሁ! ልብሷ ቢቀደድባት አፍራ ሮጣ ትወጣለች፤ እኔ ደግሞ እንድትወጣ አልፈልግም፤ እዚያው ቆማ እንድትሰማ ነው የምፈልገው። ስለዚህ በድርብ ስፌት፣ በጠንካራ ክር፣ እድሜዬን ሙሉ ያልሰፋሁትን ስፌት ሰፋሁላት። በካውያ ተኩሼ፣ አጣጥፌ ላክሁላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የተወጋ ግን መርፌውን የት እንደሚያሳርፍ ማወቅ አለበት።

የወላጆች ቀን ክፍሉ ጢም አለ። ርዕሰ መምህሩ ከፊት ተቀምጧል፤ ወላጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። መካኒኩም የእጁን ዳቦ አይቶ ሊሄድ ነው የመጣው፤ ሥራውን ጥሎ፣ ሳይታጠብ። አስተማሪዋ በነጭ ጋውኗ አምራለች፤ ልክክ ብሎላታል፣ ምን ይደረግ። ልጆቹ አምፖል አበሩ፣ ማግኔት አሳዩ፤ ሁሉም አጨበጨበ። በመጨረሻ ወደ ዳቦዎቹ መጣች። ከሚጡ ከረጢት ፊት ቆመች። ስሟ በትልልቁ ተጽፎበታል። ሁለት ሴቶች ዘወር ብለው አዩኝ፤ አንዷ የመጋረጃ ደንበኛዬ ናት።

«ይህ» አለች አስተማሪዋ፣ «በደንብ ያልታጠበ እጅ የሚያስከትለውን...»

ሚጡ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔም በቤቴ ሙከራ ሠርቻለሁ። ላሳይ?»

በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት አይሆንም ትበል? ርዕሰ መምህሩም «ጎበዝ! ነይ አሳዪን» አለ። ሚጡ ወጥታ ሦስቱን ከረጢቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። 

«ቲቸር፣ ከሦስቱ አንደኛው ያልታጠበ እጅ ነው። የትኛው ነው?»

አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ አየች። ፈገግ አለች፤ ትምህርቷ ፍሬ ያፈራ መስሏት። ጠቆር ያለውን ያረረ ዳቦ መስሏት አልፋ የሻገተውን አነሳች። «ይኼ ነዋ!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ዳቦ አይዋሽም፣ የኔ ቆንጆ።»

ወጥመዱ ውስጥ ገባችልኝ!

«እንግዲያው ጀርባውን ያንብቡልን» አለች ሚጡ።

አስተማሪዋ ገለበጠችው። ማንበብ ጀመረች፤ ድምፅዋ መሐል ላይ ወረደ። «ግራ እጄ... በሳሙና የታጠበ... ያልደረቀ።»

«ያልታጠበውስ የትኛው ነው?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«የኔ ነው! ያ ጥቁሩ የኔ ነው!» አለ መካኒኩ ከበሩ፣ ጥቁር መዳፉን ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አስተማሪዋ ብቻ አልሳቀችም። እንዳትሸሽም በሩ ላይ የቆመው ሰው ብዙ ነው።

ሚጡ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «ያን ቀን ሌሎቹ በዩኒፎርማቸው ጠረጉ። እኔ ቤቴ በልብስ መጥረግ አይፈቀድልኝም። ታጥቤ፣ እንደረጠበ ዳቦው ላይ አደረግኩት። ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፤ ያልደረቀው ነው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሻግተው።»

አስተማሪዋ ከረጢቱን ደግማ አየችው። ሞኝ አይደለችም፤ በፊቷ ላይ ሁሉ ነገር ሲገባት አየሁ። «እርጥበቱ» አለች ለራሷ። «እርጥበቱን እኩል አላደረግኩትም።» ፊቷ ቲማቲም መሰለ። አንገቷ ሳይቀር ቀላ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም!

«ምን አልሽ? ከኋላ አይሰማም!» አልኩ እኔ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረች። ጮክ ብላ፣ «ታጥባ ነበር» አለች። «ውሸታም ያልኳት እኔ ነኝ። የተሳሳተው የኔ ሙከራ ነው፤ እሷ አይደለችም።» ሄዳ ከረጢቱን ከግድግዳው አወረደች። ከዚያ ሚጡ ፊት በርከክ አለችና እጇን ዘረጋች። «ይቅርታ ታደርጊልኛለሽ?»

ወላጆች «አይዞሽ፣ ጨብጫት፣ ጨብጫት» አሉ። ሰው የሌላው ቁስል ቶሎ ይሽርለታል። ሚጡ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አደረገች፤ ልክ ያኔ በየሳይንስ ክፍለ ጊዜው እንዳስቆሟት። የተዘረጋውን እጅ አየችው። ጠመኔ አለበት፣ የግድግዳ አቧራ አለበት።

«ታጥበዋል?» አለች።

አስተማሪዋ ተነሳች። በወላጆቹ መሐል አልፋ ወጣች፤ ቧንቧው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ሁላችንም አየናት። ሳሙናውን አንስታ እስከ ክርኗ ታጠበች። «ሻጋታ» ያለው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ተከትሏት ወጣ። ከዚያ የነካችውን አንነካም ያሉት ሦስቱ፤ ከዚያ ሌሎቹም። ማንም ሳያዛቸው ቧንቧው ጋ ተሰለፉ።

አስተማሪዋ ውሃ እያንጠባጠበች ተመለሰች። እጇ ወደ ጋውኗ ሄደ፤ በዚያ በነጩ፣ በድርቡ ስፌቴ ላይ ልትጠርግ ነው። ሚጡን አየችና ተወችው። ሁለት እጇን ወደ ላይ ይዛ ቆመች። ልጆቹም አንድ በአንድ እየገቡ ከኋላዋ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘው ቆሙ። ወላጅ ሁሉ ያያል።

ሚጡ ጠጋ ብላ የአስተማሪዋን መዳፍ መረመረች።

«ገና ነው» አለቻት።

እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።